እማዬን የነዘረው ቻርጀር፦ እስከ ከተራ የተያዘ ማስታወሻ

ኅዳር 28

እማዬን ስልኳ ነዘራት። ቻርጅ ላይ እንደተሰካ አንስታ "ሄሎ" ስትል ነው። ልብስ እያጠበች ስለነበር እጇ እርጥብ፣ እግሯ ባዶ፣ ወለሉ ሲሚንቶ። ደንግጣ ስትለቀው መስታወቱ ተሰነጠቀ።

"አዲስ ነገር አይደለም፤ አንዳንድ ቀን ይነዝረኛል፣ አንዳንድ ቀን ዝም ይላል" አለች። እርጥብ እጅ ነው ብዬ ልተወው ነበር። ግን ጥር እየመጣ ነው። ለጥምቀት ቤታችን በእንግዳ ይሞላል። አምና አንድ ዲቫይደር ላይ ስምንት ቻርጀር ተደራርቦ፣ ግማሹ ፍራሽ ሥር ገብቶ ነው ያደረው። ዘንድሮ እስከ ከተራ የቤቱን ቻርጀር አንድ በአንድ ልፈትሽ ወሰንኩ።

ከየመሳቢያውና ከየኮቱ ኪስ 11 ቻርጀር ወጣ። ከስልክ ካርቶን ጋር የመጣው አንዱ ብቻ ነው። ሌላው ከዚሁ ከጎንደር፣ ከፒያሳ፣ ከአራዳ ገበያ፣ ከመናኸሪያ ደጅ የተገዛ ነው፤ አንዱን ጭራሽ ማን እንዳመጣው የሚያውቅ የለም። በማርከር ቁጥር ጻፍኩባቸው። የካርቶኑ 1 ሆነ። እማዬን የነዘረው 7 ነው፦ ነጭ፣ ላባ የመሰለ ቀላል፣ "2.1 አምፔር" የተጻፈበት፣ በ150 ብር የተገዛ።

ታኅሣሥ 1

ዕቃ፦ ዲጂታል ሜትር (1,400 ብር)፣ ባለ 5 ኦም ባለ 10 ዋት ሬዚስተር (ኮረንቲን የሚገታ ዕቃ) 4 ፍሬ (200 ብር)። ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ሰጌቶና የሳልዳቱራ ብረት ቤት አለ።

ቤታችን ግራውንድ የሚባል፣ ያመለጠ ኮረንቲ ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ የለውም። ጊቢ ያለችው ቧንቧ ሥር ሁሌ የሚረጥብ ቦታ አለ። እዚያ ግማሽ ሜትር ፌሮ ቀጠቀጥኩና ገመድ አሰርኩበት። ለመለኪያ ይበቃኛል።

ታኅሣሥ 3

የሜትሩን አንዱን ጫፍ ፌሮው ላይ፣ ሌላውን የቻርጀሩ ገመድ ብረት ላይ አድርጌ ለካሁ። ቁጥር 7፦ 205 ቮልት። እሺ፣ የጠበቅኩት ነው። ቁጥር 1፣ ማለትም ኦርጅናሉ፦ 98 ቮልት! ሌሎቹም ከ80 እስከ 110። ከቁጥር 3 በቀር ሁሉም "ይነዝራሉ" ማለት ነው። ማታ ሁሉንም በፌስታል አስሬ አወጣኋቸው። ቤቱ በሙሉ ያን ሌሊት ቻርጅ ሳያደርግ አደረ፤ እህቴ አኮረፈች።

ታኅሣሥ 4

ኤሌክትሪሻን ጓደኛዬ ጋ ደወልኩ። ሳቀብኝ። "የሰፈራችሁን ቧንቧ አታውቀውም? ስትከፍተው ፊሽ ይላል፣ ውሃው ግን ጠብታ ነው። ሜትርህ ያየው ፊሽታውን ነው" አለኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ደህና ቻርጀር ውስጥ የ220ውን ወገንና የ5 ቮልቱን ወገን የምታገናኝ አንዲት ትንሽ ካፓሲተር አለች። ጩኸት፣ ማለትም የኮረንቲ ረብሻ፣ ማጥፊያ ናት። በእሷ በኩል በጣም ጥቂት ኮረንቲ ያመልጣል። ሜትር ራሱ ኮረንቲ ስለማይጠጣ ያቺን ጥቂት እንደ ትልቅ ቮልት ያሳያል። መለካት ያለበት ምን ያህል እንደሚፈስ ነው።

ዘዴው፦ በሜትሩ ሁለት ጫፎች መካከል 10 ኪሎ ኦም ሬዚስተር ማሰር። ያኔ 1 ቮልት ማለት 0.1 ሚሊ አምፔር ነው። ለእንዲህ ያለ ዕቃ የቀድሞው የደኅንነት ደረጃ ይፈቅድ የነበረው 0.25 ሚሊ አምፔር ነው፤ እሱን መለኪያ ስላደረግኩ ከ2.5 ቮልት በላይ ያሳየ ወደቀ ማለት ነው።

ታኅሣሥ 5

ቁጥር 1፦ 0.34 ቮልት። እንኳን አልጣልኩት። አብዛኞቹ ከ0.3 እስከ 0.4 ናቸው። 9 እና 11 ሞተዋል፣ ምንም አይሰጡም።

ቁጥር 3፦ 0.0። ካፓሲተሯ ጭራሽ የለችም ማለት ነው። መጀመሪያ "ይሄስ ከሁሉ ይሻላል" ብዬ ነበር። ስልክ ስሰካበት ግን ስክሪኑ አበደ። 5 ስነካ 8 ይጽፋል፣ ሳልነካው ይከፍታል ይዘጋል። ጩኸቱን የሚያጠፋለት ስለሌለ ነው። ቻርጅ ላይ ሲሆን ስክሪኑ የሚዘል ስልክ ያለው ሰው ስልኩን ከመውቀሱ በፊት ቻርጀር ይቀይር።

ቁጥር 7፦ 0.1 ቮልት። ምን? እማዬን የነዘረው እሱ፣ 205 ያሳየው እሱ፣ አሁን ንጹሕ ሆነ? ሬዚስተሩን ቀየርኩ፣ ፌሮው ላይ ውሃ ጨመርኩ። 0.1። ተናድጄ ነቀልኩት፤ ሻይ ጠጥቼ ተመልሼ ሰካሁት። 3.2 ቮልት።

የተለወጠው ነገር አንድ ነው፦ ስሰካው ገልብጬዋለሁ። ደግሜ ገለበጥኩት፤ 0.1። ደግሜ፤ 3.2። "አንዳንድ ቀን ይነዝረኛል፣ አንዳንድ ቀን ዝም ይላል" ያለችው ይህንን ነው። እጇ እርጥብ መሆኑ አባባሰው እንጂ ምክንያቱ ሶኬቱ ላይ እንዴት እንደገባ ነበር።

ታኅሣሥ 8

7ን ልከፍት ተቀመጥኩ። በማጣበቂያ የታሸገ ስለሆነ ካቻቢቴ አይገባለትም። በሰጌቶ ዙሪያውን ቆረጥኩት። የግራ አውራ ጣቴንም ትንሽ።

ከዚያ የሠራሁት ቂልነት የባሰ ነው። ከሶኬት ከነቀልኩት ብዙም አልቆየም ነበር። ቦርዱን በሁለት ጣት ይዤ ሳወጣ እስከ ክንዴ ድረስ መታኝ። 220 ቮልት ቀጥ ተደርጎ ካፓሲተር ላይ ሲጠራቀም ወደ 311 ቮልት ይደርሳል፤ ተነቅሎም ይቆያል። ከዚያ በኋላ የከፈትኩትን ሁሉ መጀመሪያ ሽቦ ባሰርኩለት የድሮ አምፖል አስነክቼ ነው የምይዘው። አንዴ ብልጭ ብሎ ይጠፋል።

ውስጡ፦

ፊውዝ የለም። አራት ዳዮድ (ኮረንቲን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ ዕቃ) በሚገባበት ቦታ አንድ ብቻ ነው ያለው። በአንዱ ስለተሠራ ከሶኬቱ ሁለት ሽቦዎች አንዱ በቀጥታ የቦርዱ መነሻ መስመር ሆኗል። ያ ሽቦ ዜሮው ላይ ሲገባ ሰላም ነው፤ ፌዙ ላይ ሲገባ ሙሉው 220 በካፓሲተሯ በኩል ወደ ገመዱ ይገፋል። የመገለባበጡ ምስጢር ይሄ ነው።

ካፓሲተሯ ቡናማ ክብ ናት፣ 472 የሚል ተጽፎባታል፤ ያም 4.7 ናኖ ፋራድ ነው። ሒሳቡን ሠራሁት፤ 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ፣ 0.32 ሚሊ አምፔር ገደማ። የለካሁት 3.2 ቮልት ልክ እሱ ነው። ሒሳብ እንዲህ ሲገጥም ደስ ይላል፣ ነገሩ አስቀያሚ ቢሆንም።

0.32 ሚሊ አምፔር ሰው አይገድልም። ያስደነግጣል፣ ስልክ ያስጥላል። ያስፈራኝ ሌላ ነው። ለዚህ ቦታ የሚሠራው ካፓሲተር ሲበላሽ መስመሩን ቆርጦ እንዲሞት ሆኖ የተሠራ ነው፤ "ዋይ" የሚል ምልክት አለው። 7 ላይ ያለችው ተራ ናት። ተራዋ ሲያቃጥላት ተያይዛ ልትቀር ትችላለች፤ ያኔ ገመዱ ራሱ 220 ሆነ ማለት ነው። እማዬና ያ ነገር መካከል የነበረችው ሽምብራ የምታህል ሴራሚክ ናት።

ቦርዱን ገልብጬ የ220ው መስመርና የ5 ቮልቱ መስመር የሚቀራረቡበትን በማስመሪያ ለካሁ። አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም። በደህና ቻርጀር ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ ነው የሚተወው፤ ብዙዎቹ መሐሉን ቦርዱን ራሱን ይሰነጥቁታል። እዚህ ላይ ደግሞ የሳልዳቱራ ጠብታ ወደ ጎን ፈሷል።

ታኅሣሥ 12

የጭነት ሙከራ። 5 ኦም ሬዚስተር 5 ቮልት ላይ 1 አምፔር ይጠጣል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ሲያስሩ 2 አምፔር። ዩኤስቢ ከ4.75 እስከ 5.25 ቮልት ድረስ ነው መስጠት ያለበት።

ስህተት፦ ሬዚስተሩን ጠረጴዛው ላይ ተውኩት። ባለ አበባው ላስቲክ ልብስ ቀለጠ። (350 ብር፣ እና የእማዬ ንግግር።) አሁን የምለካው በተሰነጠቀ ምጣድ ስባሪ ላይ ነው። ሸክላ ምንም አይለው።

ቁጥር 2፣ "2.1 አምፔር" የሚለው፦ በ1 አምፔር 4.6፣ በ2 አምፔር 3.9 ቮልት። ከ20 ደቂቃ በኋላ በእጅ አይያዝም፤ ሽታም አለው። ቁጥር 4 ከእሱ ብዙ አይሻልም። ቁጥር 8 ጥርሱ ልል ነው፣ ሶኬት ውስጥ ይጫጫራል፤ ሳልለካው ጣልኩት።

ሙቀት መለኪያ የለኝም። ጧፍ አለ። እውነተኛ የሰም ጧፍ 62፣ 63 ዲግሪ ላይ ይቀልጣል። የጤፍ ፍሬ የምታህል ቁራጭ ቻርጀሩ ጀርባ ላይ አስቀምጣለሁ። ከቀለጠች ወደቀ። ቁጥር 2 ላይ በ14 ደቂቃ ፈሰሰች። ቁጥር 1 ላይ ሰዓት ሙሉ ቁጭ ብላ ዋለች። እማዬ ጧፉን ለምን እንደምቆራርጥ ስትሰማ አማተበች።

ታኅሣሥ 15

ቁጥር 5። እህቴ "የአፕል ኦርጅናል" ብላ የገዛችው። ፍሳሹ 0.36፣ ጭነቱ 4.9 ቮልት፣ ጧፉ አልቀለጠም። አለፈ። እኔም ላልፈው ነበር፤ ግን ጽሑፉ ላይ አንድ ፊደል ተሳስቷል። እህቴን አስፈቅጄ (አልፈቀደችም) ከፈትኩት። ክፍተቱ ልክ እንደ 7፣ አንድ ሚሊ ሜትር አይሞላም።

ዩኤል የተባለው የአሜሪካ የደኅንነት መርማሪ ድርጅት በ2016 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር 400 የተጭበረበሩ የአፕል ቻርጀሮችን መርምሮ ነበር። 22ቱ ገና ሲሰኩ ሞቱ። ከቀሩት በከፍተኛ ቮልት ሲፈተኑ ያለፉት 3 ብቻ ናቸው። 12ቱ ሰው ሊገድል የሚችል አሠራር ነበራቸው። ይህን ሳነብ የተጋነነ ይመስለኝ ነበር። አሁን አንዱ ምጣዴ ላይ ተኝቷል።

ከዚህ የገባኝ፦ ከውጭ መለካት መጥፎውን ይጥላል እንጂ ጥሩውን አያረጋግጥም። ቁጥር 6 እና 10 ፈተናውን ሁሉ አልፈዋል፤ ውስጣቸውን ግን አላየሁም። ብከፍታቸው ደግሞ አልቀው ነው። ስለዚህ ለፓወር ባንክ ብቻ ሆኑ፤ ተሰክተው ሳሉ ማንም እንዳይነካቸው።

የ11ዱ ውጤት፦ የታመነ 1፣ የተጠረጠረ 2፣ የተጣለ 6፣ ድሮም የሞተ 2።

ታኅሣሥ 19

አዲስ ፍለጋ ፒያሳ። ሐሳቤ ከአንድ ካርቶን አንድ ገዝቼ መክፈት፣ ደህና ከሆነ ከዚያው ካርቶን መጨመር ነው። በ180፣ በ450 እና በ950 ብር ሦስት ገዛሁ። 12፣ 13፣ 14 ሆኑ።

የ950ውን የሸጠልኝ ልጅ "ወንድሜ፣ 3 አምፔሩን አትውሰድ፣ ስልክህን ያቃጥለዋል" ሲል መከረኝ። ይህ ወሬ ከተማው ሁሉ ውስጥ አለ። ስልኩ የሚፈልገውን ያህል ብቻ ነው የሚስበው፤ ውስጡ የቻርጅ መቆጣጠሪያ ቺፕ አለው። ቻርጀሩ ላይ ያለው ቁጥር እስከዚህ መስጠት እችላለሁ ማለት ነው። መከራከር አልፈለግኩም። "ሲኢ አለው እኮ" ብሎም አሳየኝ። "የአውሮፓን ደረጃ ያሟላል" የሚለውን የሲኢ ምልክት አምራቹ ራሱ ነው የሚያትመው፤ ቁጥር 7ም አለው።

ታኅሣሥ 20

1,580 ብር የወጣበትን ዕቃ በሰጌቶ ቆረጥኩ። እማዬ ቆማ አየችኝና "ይሄን ብር ለደብሩ ብትሰጠው ምናለ" አለች።

12 (180 ብር)፦ የ7 ወንድም። ሌላ ቀለም ብቻ።

14 (950 ብር)፦ ቦርዱ ከ12 ጋር አንድ ነው። አልቀለድኩም፤ አንዱን በአንዱ ላይ አስቀምጬ ቀዳዳዎቹ ሁሉ ገጠሙ። ልዩነቱ የሚያብለጨልጭ ሳጥንና 770 ብር ነው። መለስኩለት፤ "ተከፍቷል፣ አይመለስም" አለኝ። እውነቱን ነው።

13 (450 ብር፣ ማንም የማያውቀው ስም)፦ ፊውዝ አለው። አራት ዳዮድ። ካፓሲተሯ ሰማያዊ፣ "ዋይ1" የተጻፈባት። በሁለቱ ወገን መካከል ከ6 ሚሊ ሜትር በላይ፣ ቦርዱም ተሰንጥቋል። ትራንስፎርመሩን ፈታሁት፤ ሁለቱን ጥቅል ሽቦ የሚለየው ሦስት ዙር ቢጫ ፕላስተር ነው። የ7ቱ አንድ ዙር፣ እሱም ጫፉ የተላቀቀ። ሰው የማያየው ቦታ ላይ እንዲህ የተጠነቀቀ ሰው ማን እንደሆነ ባውቅ ቡና እጋብዘው ነበር።

ታኅሣሥ 21

ማታ የ13ን ሽፋን ሳገላብጥ አንዲት ተራራ የመሰለች ምልክት አየሁ፤ አጠገቧ 2000 ሜትር ይላል። ከባሕር ጠለል በላይ እስከ 2,000 ሜትር ላለ ቦታ የተሠራ ነው ማለት ነው። የቻይና ደረጃ የሚያስጽፈው ማሳሰቢያ ነው። ጎንደር ደግሞ ከ2,100 ሜትር በላይ ናት።

ምክንያቱ አየሩ ነው። ከፍታ ሲጨምር አየር ይሳሳል፤ የሳሳ አየር ደግሞ ኮረንቲ እንዳይዘል የመከልከል አቅሙ ይቀንሳል። ስለዚህ ክፍተቱ መስፋት አለበት። በደረጃው መሠረት 3,000 ሜትር ላይ 1.14 እጥፍ ነው። እኛ ጋ ከ2,000 ብዙም ስለማንርቅ ጭማሪው ኢምንት ነው፤ 6 ሚሊ ሜትሩ ይችለዋል። ከእኛ በጣም ከፍ ያለው ደባርቅ ላለ ዘመዴ ግን ነገሩን ነግሬዋለሁ። አንድ ሚሊ ሜትር ለማይሞላው ለ7 ደግሞ ባሕር ዳርቻ ቢወስዱትም ያው ነው።

ታኅሣሥ 23

ከዚያው ካርቶን 3 ጨመርኩ (1,350 ብር)። ሲለኩ 0.33፣ 0.35፣ 0.33። ጧፍ አልቀለጠም።

ጥር 1

የእንግዳ ቻርጅ ማድረጊያው ተሠራ። አንድ ጣውላ፣ ፊውዝ ያለው ዲቫይደር (600 ብር)፣ አራት ቻርጀር፦ ቁጥር 1 እና ሦስቱ። ሳሎን ግድግዳ ላይ፣ ሕፃን ከማይደርስበት ከፍታ፣ ከአልጋና ከፍራሽ ርቆ። ስልክ የሚቀመጥበት መደርደሪያ ከሥሩ።

መጀመሪያ በጨርቅ የተሸፈነ ሳጥን ነበር የሠራሁት። ያምር ነበር። በአራት ስልክ ጭነት በግማሽ ሰዓት ጧፏ ለሰለሰች። አፈረስኩት። ቻርጀር አየር ይፈልጋል።

ጥር 4

መብራት ሄዶ መጣ፤ ሲመጣ አምፖሉ ከመጠን በላይ ደምቆ ነበር። ቻርጀሮቹ ተርፈዋል። ግን ለፍሪጅ የሚሸጠውን መከላከያ ገዛሁ (1,300 ብር)። ቮልቱ ከበዛ ይቆርጣል፤ መብራት ሲመለስም ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ነው የሚያስገባው። እማዬ "ተበላሽቷል" እያለች ሦስት ጊዜ ነቀለችው።

እስካሁን የወጣ፦ ሜትር 1,400፣ ሬዚስተር 200፣ የተቆረጡ ቻርጀሮች 1,580፣ ሦስቱ 1,350፣ ዲቫይደር 600፣ መከላከያ 1,300፣ የጠረጴዛ ላስቲክ 350፣ የእማዬ ስልክ መስታወት 1,200። ድምር 7,980 ብር። ጣውላው የአጥር ትርፍ ነው።

ጥር 10፣ ከተራ

ታቦታቱን ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ሸኝተን ስንመለስ ቤት ውስጥ 13 ሰውና 11 ስልክ አለ። ተራ ወጣ። ሁለት ልጆች በተራው ተጣሉ። ከደብረ ታቦር የመጡት አጎቴ ተራ መጠበቅ ሰለቻቸውና ከኪሳቸው የራሳቸውን ቻርጀር አውጥተው ጓዳ ያለው ሶኬት ላይ ሰኩ። "አጎቴ፣ ትንሽ ልለካልዎት?" ብላቸው "ከስንት ዓመት ጀምሮ ሲሠራ የኖረ ነው፣ ተወኝ" አሉ። ጠላ እየተቀዳ ስለነበር ተውኳቸው።

ጥር 13

እንግዳ ሄደ። ጣውላው ላይ የቀሩት ሦስት ቻርጀሮች ናቸው። ከ450ዎቹ አንዱ የለም። ጓዳ ሶኬት ላይ ደግሞ የአጎቴ ጥቁር ቻርጀር ቀርቷል። ለካሁት፦ 2.9 ቮልት። ገልብጬ ሰካሁት፦ 0.1።

ደወልኩላቸው። "ተሳስተው የእኛን ይዘው ሄደዋል፤ የእርስዎን ግን እንዳልክልዎት፣ ይነዝራል" አልኳቸው።

"ይነዝራል እንጂ፣ አውቀዋለሁ" አሉ። "ይሄኛው ግን አይነዝርም። እዚሁ ይቅር።"